ማስተርሱን ልያዝ ወይስ ፊልድ ልቆይ? ዴቨሎፕመንት ሪሰርች ውስጥ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ

መጠይቅ_ያዥ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ነገሩን ሙሉውን ካልነገርኳችሁ ምክራችሁም ልክ አይመጣም ብዬ ነው።

ዲግሪዬ ሶሺዮሎጂ ነው፣ ከተመረቅኩ 3 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዛ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩሉ በዳታ ኮሌክተርነት ነው ያለፈው፣ አንዱ ሰርቬይ ሲያልቅ ሌላው ሲመጣ፣ ሁሉም አጭር አጭር ኮንትራት። ታብሌት ይሰጡናል፣ አንድ ሳምንት ስልጠና እንወስዳለን፣ ከዛ በቃ ፊልድ ነው። ሴት ስለሆንኩ የእናቶቹን መጠይቅ ብዙ ጊዜ የምይዘው እኔ ነኝ፣ የወለዷቸውን ልጆች አንድ በአንድ ከነወሩ ከነዓመቱ፣ በህይወት ያሉትንም የሞቱትንም። ሥራውን እወደዋለሁ፣ ይሄ ይታወቅልኝ።

አሁን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር መጣ። አንደኛው ውጪ አገር ዴቨሎፕመንት ስተዲስ ማስተርስ ተቀብለውኛል፣ ስኮላርሺፑ ግን የትምህርት ክፍያውን ግማሽ ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ የቀረውንና የመኖሪያውን ቤተሰቦቼ ተበድረው እንሸፍንልሻለን ብለዋል። ሁለተኛው ደሞ ባለፈው የሰራሁበት ጥናት ላይ ፊልድ ሱፐርቫይዘር ሁኚልን አሉኝ፣ 14 ወር ነው፣ ከቤዝላይን (ፕሮግራሙ ሳይጀመር የሚደረገው መጠይቅ) ዝግጅት እስከ ኢንድላይን (መጨረሻ ላይ የሚደገመው)። ክፍያው ደህና ነው ግን ኮንትራቱ ሲያልቅ ያው እንደገና ሥራ ፍለጋ ነው።

እኔ መሆን የምፈልገው ጥያቄውን የሚያወጣው ሰው ነው። ባለፈው ዙር አንዲት እናት ጋ ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ጠየቅኳት፣ ጣሪያው ከምን እንደተሰራ፣ ባለፉት 7 ቀናት ምን ወጪ እንዳወጡ፣ ስንት ልጅ ወልዳ ስንቱ እንደቀሩላት። ትንሹ ልጇ ጭኗ ላይ ተኝቷል፣ እንዳይነቃ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትመልስልኝ። ስጨርስ "ባለፈውም አንዷ መጥታ ይሄንኑ ጠይቃኝ ነበር፣ ያንን ምን አደረጋችሁት?" አለችኝ። ስምምነት ቅጹ ላይ የተጻፈውን ደግሜ አነበብኩላት፣ ሌላ የምላት ነገር አልነበረኝም። ዝም ብላ ሸኘችኝ። እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

እና ማስተርስ ሳይኖር ሪሰርች ውስጥ ከፍ ማለት ይቻላል ወይ? ብድር ውስጥ ገብቶ መማርስ ያዋጣል? ደሞ ዴቨሎፕመንት ስተዲስ ልማር ወይስ ሌላ ነገር? የምታውቁ ንገሩኝ።

ባክቼክ፦

እህቴ ሰላም። እዚህ ሥራ ውስጥ 9 ዓመቴ ነው፣ የጀመርኩትም ካንቺ ቦታ ነው፣ አሁን ሪሰርች ማናጀር ነኝ። በአጭሩ፣ በብድር አትሂጂ። ሱፐርቫይዘርነቱን ያዢው፣ ግን እንዳቀረቡልሽ እንዳለ አትቀበይው፣ ተደራደሪ።

ለምን መሰለሽ፣ ይሄ መስክ ባለፉት 20 ምናምን ዓመታት በጣም ተቀይሯል። የድህነት ፕሮግራሞችን በሙከራ የሚፈትሸው ጄ-ፓል እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቋቋመ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሰራው አይፒኤ ደሞ ከሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። ከዛ በ2019 ባነርጂ፣ ዱፍሎና ክሬመር የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች ድህነትን በሙከራ ስላጠኑበት ዘዴ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ወሰዱ። ዘዴው ያው እንደምታውቂው ነው፣ ፕሮግራሙን የሚያገኙት መንደሮች በዕጣ ይመረጣሉ፣ ያላገኙት ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው፣ መሬት ላይ ግን ዕጣው ሳይበላሽ፣ ሰው ሳይጠፋ፣ ዳታው ሳይዝረከረክ ሁለት ሦስት ዓመት መዝለቅ አለበት፣ ለዛ ደሞ ፊልዱንም ዳታውንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ደሞ ጥቂት ነው፣ እመኚኝ። ሪሰርች አሶሼት ስንቀጥር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፣ ከዛ ስታታ ወይም አር በሚባሉት የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌሮች ላይ ፈተና እንሰጣለን፣ ማስተርስ ይዞ ፈተናው ላይ የሚወድቅ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በአንድ ጥናታችን ላይ አንዱ ልጅ መጠይቁን በ35 ደቂቃ ይጨርሳል፣ ሌሎቹ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባቸዋል። ጎበዝ ነው ብለን አልፈነው ነበር። በኋላ ሲታይ የሱ ቤተሰቦች በአማካይ ሦስት ሰው ናቸው፣ የሌሎቹ አምስት። አንድ የቤተሰብ አባል በተመዘገበ ቁጥር ታብሌቱ ላይ 12 ጥያቄ እንደሚከፈት ልጁ ደርሶበታል፣ ስለዚህ አያትና ከዘመድ የመጣ ልጅ ካለ ይዘላቸዋል። ሰው ልኮ ቤቶቹን ደግሞ መጠየቅ ግድ ሆነ፣ 60 ቤት በላይ እንደገና ሰራን። ይሄን ያገኘችው ሱፐርቫይዘራችን ናት፣ ማታ ማታ የቀኑን ዳታ አውርዳ በየጠያቂው እየለየች አማካይ የምታወጣ አጭር ኮድ ጽፋ፣ እሷም የሶሺዮሎጂ ምሩቅ ናት፣ ስታታ የተማረችው ፊልድ ላይ ሆና ነው። ዛሬ ፒኤችዲ ላይ ናት።

ስለዚህ ስትደራደሪ የዕለት ዳታ ቼኩን ለኔ ስጡኝ በያቸው፣ መጠይቁ ታብሌት ላይ ሲጫን፣ በሰርቬይሲቲኦም ይሁን በኮቦ መተግበሪያ፣ አብሬ ልስራ በያቸው፣ መጠይቁ ፊልድ ከመውጣቱ በፊት ሲሞከርና ሲታረም ስብሰባው ላይ ልቀመጥ በያቸው። እምቢ አይሉሽም ምክንያቱም ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቅሻቸውም። ጥያቄ የሚወጣው እኮ እዛ ስብሰባ ላይ ነው።

ማለዳ፦

በባክቼክ ሃሳብ ግማሹ እስማማለሁ ግማሹ ላይ ግን አንቺ እንድትጠነቀቂ እፈልጋለሁ። እኔ ፊልድ ላይ 6 ዓመት ቆየሁ፣ ሱፐርቫይዘር፣ ከዛ ፊልድ ማናጀር፣ ስለኔ ሁሌ "ያለሷ ይሄ ጥናት አይሆንም ነበር" ይላሉ። ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ ግን ስሜ ያለው ግርጌ ምስጋናው ውስጥ ነው፣ እሱም ሌሎች ስምንት ሰዎች መሃል። መጠይቁ ውስጥ አራት ሙሉ ክፍል እኔ ነኝ ያስተካከልኩት፣ ምክንያቱም በመጀመሪያ የተጻፈው ጥያቄ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ ሌላ ትርጉም ነበር የሚሰጠው፣ ሴቶቹ በሙሉ "አዎ" ይሉ ነበር። ይሄን ማን ያውቃል? ማንም።

በመጨረሻ ሄጄ ተማርኩ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቼ ነው፣ ስመለስ ያው እኔው ነኝ፣ የማውቀውም ያው ነው፣ ግን ስናገር ይሰማል። መሆን የነበረበት አይደለም ግን እንደዛ ነው። ስለዚህ ሱፐርቫይዘርነቱን ያዢ፣ ብድሩንም ተይው፣ ግን የመጨረሻ ቀን ቁረጪለት። 14 ወር ካለ 14 ወር። ከዛ "አንድ ዙር ብቻ ጨምሪልን" ይሉሻል፣ እኔን ያስቀረችኝ እሷ አንድ ዙር ናት። እና ስምሽ ሪፖርቱ ላይ እንደሚገባ ከመጀመሪያው ቀን በጽሁፍ ጠይቂ፣ በኋላ ሲጠየቅ ይከብዳል።

የድሮ_መምህር፦

ልጄ፣ እኔ ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፣ አማክሬአለሁም። ስላነሳሻት እናት መጀመሪያ ልናገር፣ ምክንያቱም ከሥራው ጥያቄ በላይ እሷ ናት ያስጨነቀችሽ መሰለኝ።

በብዙ አገሮች ልደትና ሞት በወጉ አይመዘገብም። ታዲያ ከ5 ዓመት በታች ስንት ልጅ ይሞታል የሚለው ቁጥር ከየት የሚመጣ ይመስልሻል? በአብዛኛው አንቺ ከያዝሽው ዓይነት መጠይቅ ነው፣ እናት የወለደቻቸውን ልጆች አንድ በአንድ ስትቆጥር፣ መቼ እንደተወለዱ፣ የሞቱት በስንት ወራቸው እንደሞቱ። ዲኤችኤስ የሚባለው የሕዝብና የጤና ሰርቬይ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ከ90 በላይ አገሮች ውስጥ ይሄን ሲያደርግ ኖሯል። በ1990 በዓለም ላይ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕጻናት 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፣ በ2022 ወደ 4.9 ሚሊዮን ወርዷል። መውረዱን ያወቅነው፣ የት አገር እንደወረደና የት እንደቆመ የለየነው፣ የክትባትና የወባ ገንዘብ ወዴት ይሂድ የሚለውም የተወሰነው እንደነዛ እናቶች ያሉ ሰዎች ስለተናገሩ ነው። ይሄንን ማንም ለዳታ ሰብሳቢዎቹ ስልጠና ላይ አለመንገሩ ያሳዝነኛል። ለሷ ግን ይሄ ብቻ አይበቃትም፣ ልክ ናት፣ የሷ መንደር ውጤት ወደ መንደሯ ሊመለስ ይገባል፣ ለዚህ ደግሞ በጀት የሚያዘው ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ነው፣ ካለቀ በኋላ ገንዘብ አይገኝም። አዲሱ ጥናት ላይ ይሄ መኖሩን ጠይቂ።

ወደ ትምህርቱ ስመጣ፣ ማስተርስ አያስፈልግም የሚለውን አልቀበልም። የተባበሩት መንግሥታት የፒ ደረጃ (የባለሙያ) የሥራ ማስታወቂያዎችን እይ፣ ብዙዎቹ ከፍተኛ ዲግሪ ይላሉ፣ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪ ከተጨማሪ 2 ዓመት ልምድ ጋር። አማካሪነትም ማስተማርም ያለዚያ አይከፈትም። ግን በግማሽ ስኮላርሺፕ ተበድሮ መሄድ፣ በተለይ በዚህ ጊዜ፣ አልመክርሽም። አንቺ እኮ አሁን የሥራ ልምድ አለሽ፣ ሙሉውን የሚሸፍኑት ብዙዎቹ የሚፈልጉት ይሄንኑ ነው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ተምረሽ ስትጨርሺም 2 ዓመት ወደ አገርሽ ተመልሰሽ መቀመጥ ግዴታ ነው። የጀርመኑ ዳድ ለልማት ነክ ትምህርቶች ያለው ፕሮግራም ቢያንስ 2 ዓመት ልምድ ይላል፣ የመጨረሻ ዲግሪሽ ደግሞ ከ6 ዓመት በላይ ያስቆጠረ እንዳይሆን ይፈልጋል፣ ይሄን ብዙ ሰው ሳያይ ያልፍና ጊዜው ያልፍበታል። የዓለም ባንክና የጃፓን የጋራ ስኮላርሺፕ 3 ዓመት ልምድ ነው። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ያለ ልምድም ይቀበላል፣ ከአንድ በላይ አገር ነው የምትማሪው። ሱፐርቫይዘርነቱን ይዘሽ በጎን ለነዚህ ማመልከት ትችያለሽ፣ የማመልከቻ ደብዳቤሽም ባዶ ወሬ አይሆንም።

ምን ልማር ላልሽው፣ ዴቨሎፕመንት ስተዲስ መጥፎ አይደለም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ልማት ማለት የገቢ ማደግ ብቻ ሳይሆን ሰው መሆንና ማድረግ የሚፈልገውን መሆንና ማድረግ መቻሉ ነው ሲል ያንን በቁጥር ብቻ የተማረ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። የገጠር ልማት ተመራማሪው ሮበርት ቻምበርስ ደግሞ ተመራማሪና ባለሥልጣን ገጠር የሚሄዱት አስፋልት ዳር ወዳለው መንደር፣ ያውም በበጋ ነው ብሏል። በክረምት መንገዱ ይቆረጣል፣ በሽታውም ረሃቡም ከባዱ የእርሻ ሥራም የሚገጣጠሙት ያኔ ነው፣ ያኔ ግን ማንም እዛ የለም። ፊልድ ላይ ስለሆንሽ ይሄን በዓይንሽ አይተሽዋል። ለምሳሌ አሁን የሚሰጡሽ ሥራ ላይ ቤዝላይኑና ኢንድላይኑ ስንተኛው ወር ላይ እንደሚውሉ ተመልከቺ። አንዱ በጋ ሌላው ክረምት ከሆነ፣ ማነጻጸሪያ መንደሮቹ የተወሰነውን ያቃልሉታል፣ ግን ፕሮግራሙ በየትኛው ወቅት እንደሚሰራ ለመለየት ያስቸግራል። ይሄን ጥያቄ ያነሳ ሱፐርቫይዘር እኔ ብሆን አልረሳውም።

ያም ሆኖ ካንቺ መነሻ አንጻር የሚጎድልሽ ስታትስቲክስ ነው። ዴሞግራፊ፣ ፐብሊክ ሄልዝ፣ አፕላይድ ኢኮኖሚክስ፣ ወይም ዴቨሎፕመንት ሆኖ ቢያንስ ሁለት ጠንካራ የኳንቲቴቲቭ (በቁጥር የመተንተን) ኮርስ ያለበት ፈልጊ። የኮርስ ዝርዝሩን ሳታዪ የፕሮግራም ስም አይተሽ አትወስኚ። ከዛ በፊት ራስሽን መሞከር ከፈለግሽ ኤምአይቲ ስለ ዳታ፣ ኢኮኖሚክስና ፖሊሲ የሚያስተምረው ማይክሮማስተርስ የሚባል የኦንላይን ትምህርት አለ፣ መማሩ በነጻ ነው፣ ሰርተፍኬት ከፈለግሽ ክፍያው እንደ ገቢሽ ይቀንሳል።

ናሙና፦

የምናገረው ደስ አይልም ግን ሳታውቂው እንዳትገቢ ብዬ ነው። እኔ ኤም ኤንድ ኢ (የክትትልና ግምገማ) ኦፊሰር ነበርኩ፣ 2025 መጀመሪያ ላይ በአንድ ኢሜይል ቢሯችን በሙሉ ሥራ አቁም ተባለ። ኢንድላይን ላይ ነበርን፣ ቡድኑ ፊልድ ላይ ነው፣ ግማሹ ቤት ተጠይቋል ግማሹ ቀርቷል፣ ታብሌቶቹን ሰብስበን ተመለስን። ለሦስት ዓመት የተከታተልናቸው ቤተሰቦች፣ ዳታው እንደዛው ግማሽ ሆኖ ቀረ። ለሰዎቹ ተመልሰን እንመጣለን ብለናቸው ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ በዛው ዓመት ጁላይ 1 ላይ በይፋ ተዘጋ፣ የቀረው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። መምህር ያነሱት ዲኤችኤስም ዋናው ገንዘቡ ከዛ ስለነበር በየካቲት አካባቢ ቆመ፣ በኋላ ከሌላ ምንጭ ተገኝቶ የተወሰኑት ሰርቬዮች ቀጠሉ። እንግሊዝ ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 ከመቶ ለውጭ ዕርዳታ ትሰጥ የነበረውን በ2021 ወደ 0.5 አወረደች፣ አሁን ደሞ በ2027 0.3 እንደሚሆን ተናግራለች። የለጋሾች ዕርዳታ በ2024 ራሱ፣ ይሄ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ማለት ነው፣ በ7 ከመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። እና ብድር ተበድረሽ ተምረሽ ስትመለሺ የምትወዳደሪው ሥራ ካጡ የ10 እና የ15 ዓመት ልምድ ካላቸው ሰዎች ጋር ነው፣ እኔን ጨምሮ።

ግን ተስፋ ቁረጪ እያልኩሽ አይደለም። አሁን የት እንደምሰራ ልንገርሽ፣ ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት ነኝ፣ የመንግሥት። ክፍያው ከበፊቱ ያንሳል፣ ሥራው ግን ዘንድሮ አለ ከርሞም አለ። ለጋሽ ሲወጣ ዳታ የመሰብሰቡ ሥራ እዛው አገር ባለቤቶቹ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ሰውም እየፈለጉ ነው። ከስታታና ከአር የማትከፍይበትን መምረጥ ካለብሽ አር ተማሪ፣ ነጻ ነው፣ የትም ብትሄጂ ይከተልሻል። የዶነር ፎርማት መሙላት ላይ ጎበዝ መሆን ግን፣ እኔ 7 ዓመት ያጠፋሁበት እሱ ላይ ነው፣ ዶነሩ ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ።

መጠይቅ_ያዥ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። የመምህርን የመጀመሪያ አንቀጽ ሳነብ አለቀስኩ ብል አታምኑኝም። ያቺ እናት ሁለት ልጆች ሞተውባታል፣ አንዱ በ9 ቀኑ አንዱ በ7 ወሩ፣ ስትነግረኝ ወሩን ለማስታወስ በጣቷ ትቆጥር ነበር፣ እኔ ደሞ ታብሌቱ ቀጣዩን ካልሞላሁ አላልፍም ስለሚለኝ ቶሎ እንድትነግረኝ ፈልጌ ነበር። ያ ቁጥር የት እንደሚሄድ ባውቅ ኖሮ ቀስ ብዬ እጠይቃት ነበር።

ማስተርሱን ለመተው ከሞላ ጎደል ወስኛለሁ፣ ቤተሰቦቼ ጋ መናገሩ ነው የከበደኝ፣ አባቴ ለሰው ሁሉ አውርቷል። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። አንደኛ፣ ያገኘሁትን ቦታ እምቢ ከምል ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፉልኝ ማለት ይቻላል? ሁለተኛ፣ ስታትስቲክስ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሁለት ኮርስ ነበር የወሰድኩት አንዱን በሲ ነው ያለፍኩት፣ ካሁን በኋላ ይገባኛል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ባክቼክ፦

ማስተላለፉ ይቻላል፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ዓመት ያስተላልፋሉ፣ ስኮላርሺፑን ግን አብረው ላያስተላልፉ ስለሚችሉ ለሁለቱም ለየብቻ ጻፊ። አጭር ይሁን፣ የ14 ወር የሪሰርች ሥራ አግኝቻለሁ፣ ከምማረው ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው፣ ቦታዬ ለሚቀጥለው ቅበላ ይያዝልኝ ብለሽ። ለአባትሽም ይሄንኑ ብትነግሪያቸው ውሸት አይደለም፣ ቦታው አልጠፋም፣ ሙሉ ክፍያ እስኪገኝ ነው።

ስታትስቲክሱን አትፍሪው። ክፍል ውስጥ የማይገባው ነገር የራስሽን ዳታ ስታዪ ይገባሻል፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካው) ማለት ለኔ ትርጉም የሰጠኝ ያ ልጅ 35 ደቂቃ ሲጨርስ ነው። ዛሬ አር ጫኚ፣ ከዛ የማንንም ስምና አድራሻ የሌለበት የድሮ ሰርቬይ ዳታ አውርጂ፣ ኤልኤስኤምኤስ የሚባለው የዓለም ባንክ የቤተሰብ ኑሮ ሰርቬይ ዳታ ተመዝግበሽ በነጻ ይገኛል። አንድ ነገር ብቻ ሞክሪ፣ የቤተሰብ ብዛት አማካይ በየአካባቢው ስንት እንደሆነ አውጪ። ሁለት ቀን ይፈጅብሻል፣ ስህተት ስህተት ይልሻል፣ ችግር የለም። ኮዱን ሴቭ አድርጊ፣ ከያንዳንዱ መስመር በላይ ለምን እንደጻፍሽው በራስሽ ቋንቋ አስቀምጪ። ለምን መሰለሽ፣ ተማሪዎችን ከሆድ ትላትል ማከም ምን ለውጥ ያመጣል የሚለው የኬንያው ጥናት፣ 75 ትምህርት ቤቶች ላይ የተሰራው፣ ታውቂዋለሽ አይደል፣ ከታተመ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ሌሎች ተመራማሪዎች ዳታውንና ኮዱን ተቀብለው እንደገና ሲሰሩት ስህተቶች አግኝተውበታል፣ ምን ያህሉ ውጤት ይጸናል በሚለው ትልቅ ክርክር ተነስቷል። ክርክሩ ሊካሄድ የቻለው ግን ኮዱ ተቀምጦ ስለነበረና ባለቤቶቹም ስላልደበቁት ነው።

ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አየዋለሁ።

ማለዳ፦

እኔም አየዋለሁ። ያቺ እናት ያለችበት መንደር አዲሱ ጥናት ውስጥ ካለ ደሞ ንገሪኝ፣ ውጤት ለነዋሪ ስናቀርብ የተጠቀምንበት ባለ አንድ ገጽ ሥዕላዊ ወረቀት አለኝ፣ ማንበብ ለማይችልም ይሆናል፣ እልክልሻለሁ።